ለብዙዎች የተሠራ መስፈሪያ በአንዱ ላይ ይፈርዳልን?

መለካት ከጥበብ መጀመሪያዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የቀደሙ ሰዎች እህሉን በቁና፥ ወርቁን በወቄት፥ ሸማውን በክንድ እየለኩ ይገበያዩ ነበር። ዳሩ ግን መስፈሪያ ሁሉ እውነተኛ የሚሆነው ለተሠራለት ነገር ብቻ ነው። ቁና የጤፉን ብዛት ይናገራል እንጂ ጤፉ ንጹሕ ወይም አፈር የተቀላቀለበት መሆኑን አይናገርም። አስተዋይ ገበያተኛም ቁናው ሞልቶ ቢያይ እንኳ እጁን አግብቶ እህሉን ዘግኖ ሳይመለከት ገንዘቡን አይቈጥርም። እንዲህ ማድረጉ ቁናውን ማቃለሉ አይደለም፤ ቁናው የማያውቀውን ነገር ከቁናው አለመጠየቁ ነው እንጂ።

በዚህ ዘመን እህል ሳይሆን ሰው ራሱ የሚሰፈርበት አንድ መስፈሪያ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል። ፈረንጆች በፊደል አሳጥረው ቢ ኤም አይ ይሉታል፤ በአማርኛም የሰውነት ክብደት መለኪያ ሊባል ይችላል። አሠራሩ ቀላል ነው። የሰውየው ክብደት በኪሎ ግራም ይመዘናል፤ ቁመቱ በሜትር ይለካል፤ የቁመቱ ቍጥር በራሱ ይባዛል፤ ከዚያም ክብደቱ ለዚህ ብዜት ይካፈላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1.75 ሜትር፥ ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው ቍጥሩ 22.9 ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በወሰነው መሠረት ከ18.5 በታች የሆነ ሰው ከልክ በታች የከሳ፥ ከ18.5 ጀምሮ 25 ያልደረሰው መካከለኛ፥ 25 የደረሰው ክብደቱ የበዛ፥ 30 የደረሰው ደግሞ ከልክ በላይ የወፈረ ይባላል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ይህ ቍጥር ስለ አንድ ሰው ጤና እውነት ይናገራልን? ቢናገርስ እስከ ምን ድረስ ይታመናል? ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ይመስላል። ሲመረመር ግን የፍርድ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል፤ ከብዙዎች የተወሰደ ደንብ በአንዱ ሰው ላይ ምን ያህል ሊሠለጥን ይገባዋል የሚል ነውና።

የመስፈሪያውን ጠባይ ለማወቅ ማን እንደ ሠራውና ለምን እንደ ሠራው መጠየቅ ይገባል። መጀመሪያ ያሰበው ሰው ሐኪም አልነበረም። አዶልፍ ኬትሌ ይባላል፤ በ1796 ዓ.ም. በጌንት ከተማ የተወለደ የቤልጅግ ሰው፥ የከዋክብትና የሒሳብ ሊቅ ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) የከዋክብት ተመልካቾች አንዱን ኮከብ ደጋግመው ሲለኩ ልኩ በጥቂት በጥቂቱ ቢለያይባቸው፥ ልኮቹን ሁሉ ደምረው ለብዛታቸው በማካፈል ወደ እውነተኛው ስፍራ ይቀርባሉ። ኬትሌ ይህን ብልሃት ከሰማይ ወደ ምድር አወረደው። የብዙ ሰዎችን ቁመትና ክብደት፥ ልደትና ሞት፥ ወንጀላቸውን ሳይቀር እየሰበሰበ «አማካይ ሰው» የሚባል፥ በሐሳብ እንጂ በሥጋ የማይገኝ ሰው አቆመ። በ1835 ዓ.ም. በፓሪስ ባሳተመው ስለ ሰው በተጻፈ መጽሐፉም፥ ያደጉ ሰዎች ክብደት ከቁመታቸው ብዜት ጋራ ተመጣጥኖ እንደሚሄድ አመለከተ። የዛሬው መለኪያ ሥሩ ይህ ነው። ኬትሌ የታመመውን ከጤነኛው ለመለየት አልተነሣም፤ የሕዝብን ጠባይ በቍጥር ለመግለጽ ተነሣ እንጂ።

በዚህ ስፍራ አንድ ረቂቅ ነገር ሳይስተዋል አልፏል። ኮከቡ አንድ ነው፤ ስፍራውም አንድ ነው፤ ልኩ ቢለያይ ስሕተቱ የተመልካቹ ወይም የመሣሪያው ነው። ስለዚህ የልኮቹ አማካይ ወደ እውነቱ ያቀርባል። በሰው ዘንድ ግን እንዲህ አይደለም። ረጅሙ ሰው የአጭሩ ስሕተት አይደለም፤ ቀጭኑም የወፍራሙ ስሕተት አይደለም፤ እያንዳንዱ ራሱን ችሎ የቆመ እውነት ነው። ኬትሌ ግን አማካዩን ሰው እንደ ፍጹምነት ምሳሌ ተመለከተው፤ ከእርሱ የራቀውንም ተፈጥሮ ዒላማዋን እንደ ሳተችበት ቈጠረው። «አማካይ» የሚለው የሒሳብ ቃል «ደኅና» ወደሚለው የፍርድ ቃል የተሻገረው በዚህ በር ነው። ሁለቱ ቃላት ግን የተለያዩ ናቸው። አማካይ ማለት ሆኖ የተገኘው ነው፤ ደኅና ማለት ሊሆን የሚገባው ነው። በረኀብ ዘመን አማካዩ ሰው የተራበ ነው፤ በጥጋብ አገርም አማካዩ ሰው ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አማካይ ስለ ሆኑ ብቻ ጤነኞች አይባሉም።

ከኬትሌ በኋላ ነገሩ ወደ ነጋዴዎች እጅ ገባ። በአሜሪካ የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ደንበኛቸው ቶሎ ሞቶ እንዳያከስራቸው ማን ብዙ ዘመን እንደሚኖር አስቀድመው ለማወቅ ይፈልጉ ነበር። ከእነርሱም አንዱ ሜትሮፖሊታን ላይፍ የተባለው ኩባንያ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለየቁመቱ የሚገባውን ክብደት የሚያመለክት ሰንጠረዥ አወጣ፤ ሐኪሞችም ተቀብለው ሠሩበት። ቈይቶ በ1972 ዓ.ም. አንሰል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ የተፈጥሮ ሥጋ ተመራማሪ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ በአምስት አገሮች ያሉ ከ7,000 የሚበልጡ ሰዎችን መርምሮ፥ ከቀላሎቹ ስሌቶች ሁሉ የኬትሌ ስሌት ይሻላል ብሎ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። የተመረመሩትም ሁሉ ወንዶች ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ለወንድ 27.8፥ ለሴት 27.3 የነበረው የ«ክብደት መብዛት» ወሰን ወደ 25 ዝቅ ተደረገ። በዚያን ጊዜ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች አንድ ኪሎ ሳይጨምሩ፥ ማታ መካከለኛ ሆነው ተኝተው ጧት ክብደታቸው የበዛ ተብለው ተነሡ። ወሰኑ የተለወጠው ምርምር ተደርጎ በምክንያት ነው፤ ቢሆንም ቅሉ ይህ ነገር የሚያስተምረው አለ። በጤናና በሕመም መካከል የተሰመረው መስመር ከአጥንትና ከጅማት ጋራ የተፈጠረ ሳይሆን በሰዎች ምክር የተሰመረ ነው።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ቸኵሎ መለኪያውን ከንቱ ነው ሊል አይገባም። ቍጥሩ ብዙ እውነት ይዟልና። በ2016 ዓ.ም. በአራት ክፍላተ ዓለም የተደረጉ 239 ጥናቶች ተሰብስበው ነበር፤ በውስጣቸውም ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ ሲጋራ አጭሰው የማያውቁትና አስቀድሞ የጸና ሕመም ያልነበረባቸው ተለይተው ሲመረመሩ፥ ሞት ያነሰባቸው ቍጥራቸው ከ20 እስከ 25 ያለው ሆነው ተገኙ፤ ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም በተራቀ መጠን ሞት ይበዛል። ቍጥሩ ከፍ ባለ ጊዜ የስኳር በሽታ፥ የደም ግፊት፥ የልብ ሕመም፥ አንዳንዱ የነቀርሳ ዓይነትና የጕልበት መገጣጠሚያ ሕመም እንደሚበዛም የታወቀ ነው። ደግሞም መለኪያው ድኻ አያደርግም፤ አንድ ሚዛንና አንድ የቁመት መለኪያ ይበቃዋል። ደምና ምስል መመርመሪያ በሌለበት የገጠር ጤና ጣቢያ፥ ወይም የአዋቂዎች ረኀብ ምን ያህል እንደ ጸና ለማወቅ በሚፈለግበት የድርቅ ዘመን፥ እንዲህ ያለ ርካሽ ምስክር መገኘቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ሚዛንን መስበር ክብደትን አያቀልም።

ሆኖም ሊቃውንቱ ራሳቸው በሁሉ ነገር አልተስማሙም። በ2013 ዓ.ም. ካትሪን ፍሌጋል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልንጀሮቿ ጋራ 97 ጥናቶችን ሰብስባ ብትመረምር፥ ቍጥራቸው ከ25 እስከ 30 ያለው ሰዎች ሞታቸው ከመካከለኞቹ በ100 እጅ 6 ያህል ያነሰ ሆኖ አገኘችው። ሌሎች ሊቃውንት ግን ሲጋራ የሚያጨሱና በስውር ሕመም የከሱ ሰዎች ከመካከለኞቹ ጋራ ተቀላቅለው የእነዚያን ሞት አብዝተውታል ብለው ተከራከሩ። በዚህ ክርክር ማን እንደሚረታ መወሰን ለዚህ ጽሑፍ አስፈላጊ አይደለም። ይበቃል የሚያሰኘው ይህ ነው፤ ሚሊዮኖችን የመዘኑ ሰዎች በ27 ቍጥር ላይ ካልተስማሙ፥ አንድ ሐኪም ቍጥሩ 27 የሆነውን አንድ ሰው በቍጥሩ ብቻ አይቶ ታመሃል ወይም ድነሃል ሊለው አይችልም።

አሁን መለኪያው የማያያቸውን ነገሮች መመልከት ይገባል። የመጀመሪያው፥ ክብደቱ ከምን እንደ ተሠራ አያይም። ሚዛን ሥጋን ከስብ፥ አጥንትን ከውኃ አይለይም። በ2004 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የሁለት ሊቃውንት ፎቶግራፍ ወጥቶ ነበር። አንዱ ዩድኪን የተባለው እንግሊዛዊ፥ ሁለተኛው ያጅኒክ የተባለው የሕንድ ሰው ነው። የሁለቱም ቍጥር 22.3 ነበረ፤ በመለኪያው ዓይን መንትዮች ናቸው። የስባቸው መጠን በተመረመረ ጊዜ ግን የዩድኪን ከመቶው 9.1፥ የያጅኒክ ከመቶው 21.2 ሆኖ ተገኘ። አንድ ቁና ተብሎ የተሰፈረው፥ በአንዱ ዘንድ ስንዴ በሌላው ዘንድ ገብስ ነበረ ማለት ነው።

ሁለተኛው፥ ስቡ በየት እንዳለ አያይም። በጭንና በዳሌ የተቀመጠ ስብ እንደ ጎረቤት ነው፤ በሆድ ውስጥ ጕበትንና አንጀትን የከበበ ስብ ግን እንደ ሰርጎ ገብ ጠላት ነው፤ የደምን ስኳርና ቅባት የሚያውከው ይልቁንም ይህ ነውና። ሁለቱን በአንድ ድምር የሚያስገባ መለኪያ ጎረቤቱን ከጠላቱ ጋራ ይቈጥራል።

ሦስተኛው፥ ክብደቱ በምን ምክንያት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ አያይም። አንድ ሽማግሌ በ20 ዓመት ውስጥ ጡንቻው እየመነመነ ስቡ በስፍራው ቢተካ፥ ሚዛኑ ምንም አልሆነም ይላል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሰውነቱ ውኃ ቋጥሮ ቢያብጥ፥ ሕመሙ ራሱ እንደ ውፍረት ይቈጠርለታል። ከዚህም የሚያስፈራ አለ። ቍጥሩ 29 የነበረ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ ክፉ ደዌ በስውር ይዞት በጥቂት ወራት ወደ 24 ቢወርድ፥ መለኪያው «አሁን ተስተካከለ» ይለዋል። ሰውየው ወደ መቃብር እየተንሸራተተ ሳለ ሰንጠረዡ ወደ ደኅናዎቹ መዝገብ ያስገባዋል። አንድን ቍጥር ከመንገዱ ለይቶ የሚያይ ሰው፥ ተራራ የሚወጣውንና ወደ ገደል የሚወርደውን በአንድ ስፍራ ሲገናኙ አይቶ አንድ ናቸው እንደሚል ነው።

አራተኛው፥ የአካልን ቅርጽ አያይም። ቅርጻቸው ፍጹም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ይታሰቡ፤ አንዱ ከሌላው በዐሥረኛ እጅ ይረዝማል። ቅርጻቸው አንድ ስለ ሆነ ረጅሙ በቁመት ብቻ ሳይሆን በወርድም በውፍረትም በዐሥረኛ እጅ ይበልጣል፤ ስለዚህ ክብደቱ በሦስተኛ እጅ ያህል ይጨምራል። የመለኪያው ስሌት ግን አምስተኛ እጅ ያህል ብቻ ይፈቅድለታል። እንግዲህ ረጅሙ ሰው በመርዘሙ ብቻ ቍጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. ኒክ ትሬፈተን የተባለ የኦክስፎርድ የሒሳብ ሊቅ ስሌቱ እንዲሻሻል ሐሳብ አቀረበ። በሌላ በኩል ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ቆላ ከብት እያረቡ የሚኖሩ፥ ቁመታቸው ይልቁንም በእግራቸው የሆነ ሕዝቦች አሉ። እግር ከደረትና ከሆድ ይልቅ ቀላል ስለ ሆነ፥ ጤናማው እረኛ እንኳ ቍጥሩ ከ18.5 በታች ሊወርድና እንደ ተራበ ሊቈጠር ይችላል።

የመለኪያው ስሕተት በየትኛው ወገን እንደሚበዛ መጠየቅም ይገባል። ብዙ ሰዎች ትልቁ በደል ጡንቻማውን ሯጭ ወይም ቦክሰኛ ወፍራም ማለቱ ይመስላቸዋል። ይህ በእውነት ይሆናል፤ ነገር ግን ጥቂት ነው። በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ ከ13,000 የሚበልጡ ሰዎችን ቍጥር ከሰውነታቸው ስብ ጋራ ያመዛዘነ ጥናት ወጥቶ ነበር። ቍጥራቸው 30 ከደረሰው ሰዎች አብዛኞቹ በእውነት ስባቸው የበዛ ነበሩ። ስባቸው በእርግጥ ከበዛው ሰዎች መካከል ግን በ30 ወሰን የተገኙት ከወንዶች በመቶ 36፥ ከሴቶች በመቶ 49 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ይህ ምስክር በሐሰት ከሚከስሰው ይልቅ በሐሰት ነጻ የሚያወጣው ይበዛል። ይህም ለሐኪሙም ለታማሚውም ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በሐሰት የተከሰሰ ሰው ይጮኻል፥ በሐሰት ነጻ የወጣ ሰው ግን ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳልና።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። በአገሩ ልማድ «ወፈርክ፥ አማረብህ» ማለት ምርቃት ነበረ፤ «ከሳህ፥ ምን ነካህ?» ማለትም የርኅራኄ ጥያቄ ነው። ረኀብን ደጋግሞ ያየ ሕዝብ ሥጋን የበረከት ምልክት ማድረጉ የሚያስደንቅ አይደለም። ዛሬ በከተማ ያለው የተማረ ሰው ደግሞ ልማዱን ገልብጦ ቅጥነትን ሁሉ ጤና፥ ውፍረትን ሁሉ ደዌ ማድረግ ጀምሯል። ሁለቱም አንድ ስሕተት ናቸው፤ ሁለቱም ከውጭ የሚታየውን ለውስጡ ዋስ ያደርጉታልና።

ለዚህ የሚጠቀስ እውነተኛ ምስክር አለ። የስኳር በሽታ የጥጋበኛና የወፍራም ሰው ሕመም ነው የሚለው አሳብ እጅግ የተስፋፋ ነው። ነገር ግን በ1955 ዓ.ም. በጃማይካ፥ ከዚያም በኋላ በልዩ ልዩ ድኻ አገሮች፥ ከልጅነት ጀምሮ ምግብ ያነሳቸው ከሲታ ሰዎች የሚያዙበት የስኳር በሽታ እንዳለ ሐኪሞች ጽፈዋል። በኢትዮጵያም ከጎንደር አካባቢ ገጠር የሚመጡ፥ ከሲታና ድኻ የሆኑ፥ ብዙዎቹም ጎልማሶች የሆኑ ታማሚዎች ነገር በሊቃውንት ተመርምሮ በ2009 ዓ.ም. ታትሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ዓ.ም. ይህን ሕመም በመዝገቡ ካገባው በኋላ በ1999 ዓ.ም. አውጥቶት ነበር። በሚያዝያ 2025 ዓ.ም. ግን ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ስም ሰጠው። ዳግመኛም ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን የአኗኗራቸው ሁኔታ በተለወጠ ጊዜ፥ ከሌላው ሕዝብ ባነሰ የክብደት ቍጥር የስኳር በሽታ እንደሚይዛቸው በዚያ አገር የተደረገ ጥናት አመልክቷል። ስለ እስያ ሕዝቦችም የዓለም ጤና ድርጅት ሊቃውንት በ2004 ዓ.ም. ጥንቃቄው በ25 ሳይሆን በ23 እንዲጀመር መክረዋል። እንግዲህ ከሲታው ገበሬ ውኃ ጥም ያዘኝ፥ ሽንት በዛብኝ፥ ጕልበቴ ከዳኝ ብሎ ሲመጣ፥ ቍጥሩን ብቻ አይቶ «ስኳር አንተን አይነካህም» የሚለው ሐኪም ቢኖር፥ የሳተው ቍጥሩ አይደለም፤ በቍጥሩ የተኛው ሐኪም ነው።

ከዚህ ወደ ነገሩ ሥር መድረስ ይቻላል። ስለ ብዙዎች የሚነገር እውነትና ስለ አንዱ የሚነገር እውነት በጠባያቸው ይለያያሉ። ቍጥራቸው 32 የሆነ ሺህ ሰዎችና ቍጥራቸው 23 የሆነ ሺህ ሰዎች ቢወዳደሩ፥ ከፊተኞቹ ብዙዎች በስኳር በሽታ እንደሚያዙ ቍጥሩ በእውነት ይናገራል። የሚያዙት ግን እነማን እንደ ሆኑ ስም አይጠራም። በአገሩ ሁሉ ዘንድሮ ክረምቱ መልካም ነበረ ቢባል ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እርሻውን በረዶ የመታበት ገበሬ በዚህ እውነት ጎተራውን አይሞላም። ለአገር ገዢ የክረምቱ ዜና ይጠቅመዋል፤ ስንት እህል እንደሚከማች ያሰላበታልና። ለገበሬው ግን የገዛ ማሳው ይታይለት። እንዲሁ ቍጥሩ የሕዝብን ጤና ለሚጠብቅ ሹም እውነተኛ አማካሪ ነው፤ በአንዱ ታማሚ ፊት ግን የምርመራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም።

በዓለም ያለው አሠራር ግን ይህን ልዩነት ሁልጊዜ አይጠብቅም። ቍጥሩ በር ጠባቂ ሆኗል። በአንዳንድ አገር ሆስፒታሎች ቍጥሩ 40 የደረሰ ሰው የጕልበት መገጣጠሚያ እንዲተካለት ቢለምን መጀመሪያ ክብደትህን ቀንስ ይባላል፤ ጕልበቱ ታሞ እንዴት እንደሚሄድና እንደሚቀንስ የሚነግረው ሁልጊዜ አይገኝም። በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ ለውፍረት የተፈቀደው ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒትም የሚታዘዘው ቍጥሩ 30 ለደረሰ፥ ወይም 27 ደርሶ ሌላ ተያያዥ ሕመም ላለበት ሰው ነው። ሕግ ወሰን ሳይኖረው ሊሠራበት አይቻልም፤ ይህ መታወቅ አለበት። ነገር ግን 29.9ን ከ30 የሚለየው ነገር በሰውየው ደም ውስጥ እንደሌለ ወሰኑን የሚጠብቀው ሰው ዘወትር ሊያስታውስ ይገባዋል።

ከበሩ የሚከፋ ሌላም አለ፤ እርሱም ቍጥሩን የግብረ ገብነት ሚዛን ማድረግ ነው። «ሆዳም» የሚለው ስድብ የሰውን ሰውነት አይቶ ነፍሱን የሚከስስ ቃል ነው። ውፍረት ግን ከመብል ብቻ አይመጣም። ከወላጆች በሚወረስ ተፈጥሮ፥ በአንዳንድ መድኃኒት፥ በእንቅልፍ ማጣት፥ ቀኑን ሁሉ በሚያስቀምጥ ሥራ፥ ርካሹ ምግብ ሁሉ ስኳርና ዘይት በሆነበት ከተማ ከመኖርም ይመጣል። ከሲታነትም እንዲሁ ነው፤ ከጾምና ከመጠን መኖር ይመጣል፥ ከድኽነትና ከደዌም ይመጣል። ስለዚህ መጠነኛውን ሰው ከሆዳሙ በወገብ ስፋት እለያለሁ የሚል ሰው፥ በሐሰት መስፈሪያ እንደሚነግድ ነው። ታማሚም እንዲህ ባለ ፍርድ ደጋግሞ ከተዋረደ ወደ ሐኪም መሄድ ይተዋል፤ በመጨረሻም የሚገድለው ውፍረቱ ሳይሆን በኀፍረት የደበቀው ሕመም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ተቃራኒ ቃል ሊነሣ ይችላል። «እንዲህ ከሆነ ወፍራሙ ሁሉ ቍጥሩ ስለ እኔ አይናገርም ብሎ አያመካኝምን?» የሚል ሰው ቢኖር፥ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም እንዲህ ነው፤ ምስክሩ ብቻውን አያስፈርድም ማለት ምስክሩ ይባረር ማለት አይደለም። በሙግት ሥርዓት አንድ ምስክር ቃሉን ሲሰጥ ዳኛው ወዲያው አይፈርድም፤ ነገር ግን ቃሉን ሰምቶ ሌላ ምስክር ይጠራል። ቍጥሩ 33 ሆኖ ሳለ ደሙን፥ ግፊቱን፥ ስኳሩን ለመመርመር እንቢ የሚል ሰው ከሐሰተኛ ፍርድ አላመለጠም፤ ከፍርድ ቤቱ ሸሸ እንጂ። ቍጥሩ 22 ሆኖ ሳለም ምርመራ አያስፈልገኝም የሚል ሰው ከዚህ አይሻልም።

የዘመኑ ሊቃውንትም ወደዚህ ሐሳብ እየተመለሱ ነው። በሰኔ 2023 ዓ.ም. የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መለኪያው ጕድለት ስላለበት ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች ምርመራዎች ጋራ ተደምሮ እንዲሠራበት ወሰነ። በጥር 2025 ዓ.ም. ደግሞ በላንሴት መጽሔት ሥር የተሰበሰቡ ሊቃውንት፥ የስብ ብዛት በወገብ ልክ ወይም በሌላ ምርመራ ሳይረጋገጥ በቍጥሩ ብቻ አንድ ሰው ታማሚ እንዳይባል መከሩ፤ ስቡ በዝቶ አካሉ ገና ያልተጐዳውንም፥ ስቡ አካሉን ከጐዳው ለይተው በሁለት ከፈሉ። የእንግሊዝ ሊቃውንት በ2022 ዓ.ም. የመከሩት ደግሞ ለድኻ አገር እጅግ የሚስማማ ነው፤ ቍጥሩ 35 ያልደረሰ አዋቂ ሰው የወገቡ ዙሪያ ከቁመቱ እኩሌታ በታች እንዲሆን ይጠንቀቅ ብለዋል። ለዚህ ሚዛንም ስሌትም አያስፈልግም። አንድ ክር በቁመት ልክ ተቈርጦ ለሁለት ይታጠፍ፤ የታጠፈው ክር በእምብርት ላይ ወገብን ዞሮ ካልገጠመ ሁለተኛው ምስክር ተናገረ ማለት ነው። ከዚያም የደም ግፊት፥ የደም ስኳር፥ የወላጆች ሕመም፥ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ እንዴት እንደ ሆነ፥ ባለፈው ዓመት ክብደቱ ስንት እንደ ነበረ ይጠየቅ። እነዚህ ሁሉ ሲስማሙ ቃላቸው ይጸናል፤ ሲለያዩም ዳኛው ይበልጥ ይመርምር።

የቅኔ ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። ጀማሪ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ቅኔውን የተረዳው ይመስለዋል፤ መምህሩ ግን ሰሙን ሳይንቅ በሰሙ በኩል ወርቁን ይፈልጋል። ሰም የሌለው ወርቅ አይፈስም፤ ወርቅ የሌለውም ሰም ባዶ ነው። ቍጥሩ ሰም ነው፥ ጤና ወርቅ ነው። ሰሙን የጣለ ሐኪም ወርቁን የሚያፈስበት ያጣል፤ በሰሙ ላይ የቀረ ሐኪም ደግሞ ሰውየውን ሳያገኘው ይሸኘዋል።

እንግዲህ የተጠየቀው ሲመለስ፥ የሰውነት ክብደት መለኪያ ስለ ሕዝብ ሲናገር የታመነ፥ ስለ አንድ ሰው ሲናገር የሚጠረጠር ምስክር ነው፤ ሐኪሙ ይጠይቀው፥ ነገር ግን ወንበሩን አይልቀቅለት። ታማሚውም ቍጥሩን ሲሰማ አይታበይበት፥ አይፈርበትም፤ ምን ይከተል ዘንድ እንደሚገባ ይጠይቅበት። በሰው ሥጋ ላይ የሚፈርድም ሁሉ፥ ዛሬ የጸናው ጡንቻው ነገ እንደሚላላ፥ ዛሬ የቀጠነው ወገቡም በእርጅና ወይም በደዌ እንደሚለወጥ ያስብ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና።